የዶሮ ቤት መዝጊያ የሆነው ታፔላዬ

የልጅ ልጄ የፀጉር ቤት ልትከፍት ነው። ባለፈው ሳምንት የታፔላ ፈቃድ ልታወጣ ሄዳ ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰች። «ምን አሉሽ?» ብላት፣ «ነገ ተመለሽ አሉኝ፣ እማማ» አለችና ምሳዋን ልትበላ ተቀመጠች። እኔ ግን ምሳውን ትቼ የራሴን ታሪክ ጀመርሁላት። ይችን ቃል ጠግቤ የሰማኋት በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ዛሬም ስሰማት ደሜ ይፈላል።

ያኔ የምኖረው ስማዳ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ የበደለኝ ሰው ልጆች አሁንም እዚያው አሉ፣ እነሱ ምን አደረጉኝ። ባሌ ሌላ ሊያገባ ሲያሰናብተኝ ገና ልጅ እግር ነበርሁ። ከእናቴ የተማርሁት ሙያ ጠጅ መጣል ስለሆነ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሱኑ ጀመርሁ። ጠጄ የሚያስከፋ አልነበረም፤ ቤቴ ግን ከገበያው ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተደብቋል። ከእስቴ እህል ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች አያዩትም። ቢያዩትም ታፔላ የሌለው ቤት ያልተፈቀደ ነው፣ ዘበኛ ይመጣበታል እያሉ ይሸሹታል። ያ ቤት ከተዘጋ የሚቀረኝ አባቴ ቤት ገብቼ የወንድሞቼን ሚስቶች ፊት እያየሁ መኖር ነበር። ከዚያስ ሞት ይሻለኛል።

ከቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ አንድ ደብተራ ጎረቤቴ ነበሩ። በዋንዛ ሳንቃ ላይ «የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጠጅ ቤት» ብለው ጻፉልኝ፤ ስሜን እንደ ብራና መጽሐፍ በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር። እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ቢሆንም ቀዩን እየፈለግሁ በጣቴ እዳብሰው ነበር።

ፈቃድ የሚሰጠው የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ደምሴ የሚባል ሰው ነው። ገበያው መግቢያ ላይ ያለው ጠጅ ቤት ደግሞ የሚስቱ እህት ነው፤ እንግዲህ ነገሩን ከዚህ ተረዱት። ነገ ተመለሽ አለኝ፣ ተመለስሁ። ደግሞ ነገ አለኝ። ክረምቱን በሙሉ ጭቃ ለጭቃ ተመላለስሁ። መስከረም ሲጠባ ሌላ ሰበብ አገኘ።

«ቀይ ቀለም የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው» አለኝ።

«እንግዲያው በጥቁር ላስጽፈው፣ ጌታዬ?»

«የጋለሞታ ስም በአደባባይ አይሰቀልም። የባልሽን ስም አስጽፊና ነይ።»

እዚያ ቢሮ የነበረው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ወጥቼ የዚያኑ ቀን ታፔላዬን ያለ ፈቃድ ሰቀልሁት። በማግሥቱ ዘበኞች አስከትሎ መጣና በገዛ እጁ ነቅሎ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ የነበሩኝም ደንበኞች ፈርተው ቀሩ፤ ጠጁ በጋኑ እንዳለ ኮመጠጠ። አለቀስሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ከአቶ ደምሴ ሚስት እንቁላል ልትገዛ የሄደች ጎረቤቴ እያለከለከች መጣች። «ማንጠግቦሽ፣ ታፔላሽን አየሁት። የዶሮ ቤታቸው መዝጊያ ሆኗል» አለችኝ።

እንባዬ ያኔ ደረቀ። በሶ ቋጥሬ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ ዳገቱን ወጥቼ፣ ነፋስ መውጫ ከአውራጃው ገዥ ዘንድ ሄድሁ። ገብስ የሚታጨድበት ወቅት ነበር፤ አጫጆቹ «ወዴት ነው?» ሲሉኝ «ሰው ልከስ» እላቸው ነበር። ከገዥው ፊት ስቆም ስለ ፈቃድ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። «በመንግሥት ስም ሳንቃዬን ወስዶ ለዶሮው መዝጊያ አደረገው፤ ምስክር አለኝ» አልኋቸው። ገዥው ፊታቸው ተለወጠ። መጥሪያው ሲደርሰው፣ አቶ ደምሴ ከሹመቱ ሊሻር ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ አወራ።

ይኼኔ ሽማግሌ ላከብኝ። የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቀደሙ።

«ልጄ፣ ክሱን አንሽለት። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ ከእግርሽ ላይ ይወድቃል።»

«ድንጋይ ምን ይሠራልኛል፣ አባ? ታፔላዬን ይሸከም። ፈቃዱን በእጁ ይዞ፣ በገበያ ቀን፣ ከዶሮ ቤቱ እስከ ደጄ።»

«ተይ፣ ሰው አታዋርጂ።»

«እኔ ስዋረድ እርስዎ የት ነበሩ?»

የነፍስ አባትን እንዲህ መናገር ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍሁም።

በገበያው ቀን መጣ። ሳንቃው ማጅራቱ ላይ ነው፤ የዶሮው ኩስ ኮቱን አበላሽቶታል። ገበያተኛው ገበያውን ትቶ መንገድ ለቀቀለት። ደጄ ላይ በራሱ እጅ በምስማር መታው፣ ፈቃዱን ሰጠኝ፣ ከዚያ ከእግሬ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል «ቆይ» አልሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ጌታዬ ያልሁትን ሰው።

«እኔ ፊደል አላውቅም። መጀመሪያ አንብብልኝ።»

ለራሱ እያጉተመተመ አነበበው።

«ከወዲያ ማዶ ያሉት አልሰሙም።»

ጮኾ አነበበው። «የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጠጅ ቤት።» ጋለሞታ ያለኝ ያው አፍ ወይዘሮ አለኝ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ በኋላ ይቅር ለእግዚአብሔር አልሁ፤ ክሱንም አነሣሁለት። በብርሌ ቀዳሁለትና ጠጣ። ልጆቼን ሁሉ ያሳደግሁት በዚያ ቤት ነው።

ለልጅ ልጄ ይህን ስነግራት ወጡ ቀዘቀዘ። «እማማ፣ እውነት ከልብሽ ይቅር ብለሽዋል?» አለችኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ካህናቱ በቀል የእግዚአብሔር ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እኔም እያረጀሁ ነውና ስለዚያ ቀን ብዙ አስቤአለሁ። የሚቆጨኝ ሦስተኛ ጊዜ አለማስነበቤ ብቻ ነው።