ሁሉን ጨርሳለች

ከቡታጅራ እስከ ወልቂጤ እንደኔ ቀልድ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም፤ ቢወለድም እኔን ሲሰማ አፍሮ ወደ መጣበት ተመልሷል። በተለይ የበጉን ቀልድ ሳወራ ሐዘንተኛ ድንኳን ውስጥ ይስቃል፣ በቅሎ ትስቃለች። አንድ የመስቃን ገበሬ ልጁ ሦስተኛ ክፍልን ስትጨርስ ትምህርት የሚባል ነገር ከነጭራሹ ያለቀ መስሎት በግ አርዶ አገር ጠራ። ቀልዱ ይኼ ነው። ሺህ ጊዜ አውርቼዋለሁ።

የሆነውን ግን አንድም ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለሚስቴም። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ እንዲህ ያለውን ለነፍስ አባታቸው ይናገራሉ። እኔ የነፍስ አባት የለኝም፤ አንተን አንባቢዬን ይዣለሁ። እንግዲህ ስማኝ፤ ደግሞ አትሳቅልኝ።

ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው ቡታጅራ ሦስተኛ ክፍል እማር ነበር። ከጎኔ የምትቀመጠው ሩቂያ ናት፤ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር የገበሬ ልጅ። እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ካርድ በተሰጠ ቁጥር ይኸው ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ካርዴን አይተው ለደንበኞቻቸው፣ «ይኼን ጎረምሳ ቀሚስ ለባሽ ቀደመችው። ለሱም ቀሚስ ልስፋለት ይሆን?» ይላሉ። ሰዉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ እያረርኩ። ይኼን የማነሳው ሰበብ እንዲሆነኝ ነው? እንጃ። ሰበብ ከሆነ አትቀበለኝ።

መምህራችን ደምሴ ከመንዝ የመጡ ሰው ነበሩ፤ የኛን ጉራግኛ አይሰሙም። የገጠሩ ወላጅ ደግሞ አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም። መምህሩ ግን አንድ የማይለቁት ነገር ነበራቸው። «ትምህርት ቤትና ወላጅ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ከተኛ ልጁ ሳይታረስ ይቀራል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ሰኔ ላይ ወላጅ ያስጠራሉ። ከክፍሉ ሁሉ ምላሴ የረዘመው እኔ ስለነበርኩ አስተርጓሚ አደረጉኝ። በሬዎቹ እነሱ፣ ቀንበሩ እኔ።

የሩቂያ አባት ሰማን በገበያ ቀን መጡ። ልጃቸውን ውጭ አህያ አስይዘው፣ የእግራቸውን ጭቃ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ጠርገው፣ መስጊድ እንደሚገባ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። መምህሩ ከወንበራቸው ተነሡላቸው።

«ልጅዎ የሦስተኛን ክፍል ትምህርት ጨርሳለች» አሉ። «አራተኛን ዘልላ አምስተኛ እንድትገባ እፈልጋለሁ። እርስዎም ያግዙኝ፤ ከሥራ ትንሽ ያሳርፉልኝ፣ ማታ ማታ ኩራዝ ይብራላት። ይቺ ልጅ አንድ ቀን አስተማሪ ሆና እዚህ ትቆማለች።» ወደ እኔ ዞሩ። «በል ምላሱ፣ ንገራቸው።»

«ጨርሳለች» አልኩ በጉራግኛ።

ሰማን ቀና አሉ። «ሁሉን?»

እኛ ዘንድ ቁርኣንን እስከ መጨረሻው የቀራ ልጅ «ጨረሰ» ይባላል። በግ ይታረዳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ልጁም ተመርቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሰማን የሚያውቁት ትምህርት ያ ብቻ ነው፤ የጠየቁኝም ያንን ነው። እንዴት አላውቅ? እኔ ራሴ ጨርሼ በግ ታርዶልኛል።

«ሁሉን» አልኩ።

እዚህ ላይ ቆም በል። እስከዚያ ድረስ ልጅ ነበር፣ ቸኮለ፣ ግማሹ ጠፋበት ማለት ይቻል ነበር። «ሁሉን» ግን የኔ ናት። መምህሩ አላሏትም። እኔ ነኝ ያልኳት፤ እኔ ከሆዴ አውጥቼ፣ እያወቅሁ፣ ያቺን ልጅ ከጎኔ ላስነሣት ብዬ ተናገርኳት።

ሰማን የመምህሩን እጅ ሳሙ። «አላህ ይስጥልኝ በልልኝ። ከእንግዲህ እኔ እረከባታለሁ።»

«ከእንግዲህ እኔም አግዛታለሁ ይላሉ» አልኩ ለመምህሩ። ሁለት ሰዎች እንደዚያ ተደስተው ሲለያዩ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

በሳምንቱ በጉ ታረደ። ተጠራሁ፤ የምሥራቹ ባለቤት እኔ አይደለሁ? ዱዓው እንዳበቃ ሩቂያ ሰው ሁሉ ፊት፣ «አባ፣ እኔ እኮ ገና ነኝ። አራተኛ አለ፣ አምስተኛ አለ» አለች። ሰማን ፈገግ ብለው በጣታቸው ወደኔ አመለከቱ። «ከመምህሩ አፍ የሰማው ይኸውልሽ። ጠይቂው።»

አየችኝ። አፌ በቆጮና በሥጋ ተሞልቶ ነበር። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ቆይቶ በእንሰቱ ጥግ ስታገኘኝ፣ «እውነት መምህሩ ይበቃታል አሉ?» አለችኝ። «ለሴት ይበቃታል ነው ያሉት» አልኳት። ደግማ አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝ ኖሮስ? እንኳን ሁለት፣ መቶ ጊዜ እዋሻት ነበር።

መስከረም ላይ መምህር ደምሴ ባዶውን ቦታ አይተው ጠየቁኝ። «አባቷ ከለከሏት» አልኩ። ሄደው ሊያነጋግሯቸው ተነሡ፤ አስተርጉም ሲሉኝ እግሬን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ብቻቸውን ሄደው በእጅ ምልክት ተነጋግረው፣ አንድ ማሰሮ ማር ተሸክመው ተመለሱ። «ሰውየው እንደ ንጉሥ ተቀበለኝ፤ ልጁን ግን አይልክም። ልቡን አላገኘሁትም» አሉ። ሩቂያ ያኔ እንሴኖ አክስቷ ቤት ተልካለች። ሁለት ክረምት ሳያልፍ እዚያው ለበርበሬ ነጋዴ ተዳረች። እኔስ አንደኛ ወጣሁ? ወንበሯን ሌላ ልጅ ወረሰው፤ አንደኛነቷንም አብሮ። እኔ ሁለተኛነቴን ይዤ ቀረሁ።

ይኼን ነው ስቀልድበት የኖርኩት። አስተርጓሚውን ከቀልዱ አወጣሁት፤ የቀሩት ሞኙ ገበሬና በጉ ናቸው።

ባለፈው ዓመት እንሴኖ ሠርግ ተጠራሁ። እንደ ልማዴ የበጉን ቀልድ ጀመርኩ። ያን ቀን ደግሞ ይበልጥ ላሳምረው ብዬ፣ ከዚያ በፊት አስገብቼው የማላውቀውን፣ የመምህሩን ሙሉ ቃል ጨመርኩበት። «መምህሩ አራተኛን ዘልላ አምስተኛ ትግባ ይላል፤ ሰውዬው ቢላ ይስላል!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለእንግዳው ሁሉ የእጅ ውሃ የምታፈስ ሴት እኔ ጋ ደርሳ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ቆመች።

«አምስተኛ ትግባ ብለው ነበር?» አለች።

ድምጿን አወቅሁት። ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም።

«አስተርጓሚው ማን ነበር?» አለች ደግሞ። ሰዎቹ የቀልዱ ማብቂያ መስሏቸው ጥርሳቸውን ከፍተው ጠበቁኝ።

«ረሳሁት» አልኩ።

ውሃውን አፈሰሰችልኝ። ጣቶቼ እስኪጠሩ ድረስ፣ ሳትቸኩል። «አባቴ እስኪሞት ያን መምህር ሲመርቅ ኖረ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ስረግመው።» ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ማለቱ ያንተ አይደለም። ልጅ ነበርኩም አልልም። «ሁሉን» ያልኩ ቀን ልጅ ነበርኩ፤ «ረሳሁት» ያልኩ ቀን ጢሜ ሸብቷል።

ከሠርጉ የወጣሁት በጓሮ ነው፣ በእንሰቱ መሃል አጎንብሼ። ጫማዬ ከፊት ለፊቱ በር ላይ ቀርቶ ነበር፤ በሩ ላይ ደግሞ እሷ ነበረች። ቡታጅራ ድረስ በባዶ እግሬ በአውቶቡስ ተሳፍሬ ገባሁ። ጫማው አዲስ ነበር። እስከዛሬ አላስመጣሁትም።