የሽማግሌውና የሯጩ ክርክር

«ነገ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ባለ ሁለት ግራሩን ኮረብታ እንይዛለን።» ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። አሥራ አንድ ነበርን። እኔ የኪራሙው ይመር የመትረየስ ረዳት ነኝ፤ ተኳሹ የጉቴው ልጅ ቶለራ ነው። ተኳሽና ረዳት እንደ አንድ ሰው ናቸው ይባላል። እኛ ግን ያን ዕለት ከተኳረፍን ሦስተኛ ቀናችን ነበር።

ያኳረፈንን ስነግራችሁ መሳቃችሁ አይቀርም። ቶለራ የአጎቱ ልጅ ከውጭ የላከለት ሚሞሪ ካርድ ነበረው፤ የአሜሪካ ፉትቦል የሞላበት፣ ያ ሁለት ጫፉ የሾለ ኳስ የሚወረወርበት ጨዋታ። ምሽግ ውስጥ በአንዲት ስልክ ደጋግመን ከማየታችን ብዛት ሕጉን ራሳችን ደረስንበት። ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው ኳርተርባክ ይባላል። የሰዎቹን ስም መያዝ ቢያቅተን ቅጽል አወጣንላቸው። የእኔው «ሽማግሌው» ነው፤ ሊጥሉት እየመጡበት እንኳ ንቅንቅ ሳይል ሜዳውን አይቶ ይወረውራል። የቶለራው «ሯጩ» ነው፤ ክፍተት ካየ ኳሱን ይዞ ይፈተለካል። እስከ ዛሬ ከተጫወቱት ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው? በዚህ ስንከራከር ከረምን። አንድ ቀን መልስ ሲጠፋኝ «አንተ ሯጭ የምትወደው ፈሪ ስለሆንክ ነው» አልኩት። ለወታደር የማይባል ቃል ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

የጓድ መሪያችን ሃምሳ አለቃ ገመቹ የኑኑ ቁምባ ሰው ነበር። በአገሩ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ መንገድ አይወጣም። አሥር ሰዓት ላይ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ እንደ አገር ሽማግሌ ፊቱ አስቀመጠን።

«አንድ መትረየስ ሁለት ኩርፊያ አይሸከምም» አለ። «ይመር፣ አንተ ለሯጩ ተከራከር። ቶለራ፣ አንተ ደግሞ ለሽማግሌው። ፍርዱን ነገ ኮረብታው ላይ እሰጣለሁ።»

እያጉረመረምኩ ጀመርኩ። «መንገድ ሲዘጋ ቆሞ መጠበቅ ምን ይጠቅማል? ሯጩ ያልነበረ መንገድ ያወጣል» ስል ቶለራ ሳቀ። ተራው ሲደርስ ግን አልቀለደም።

«ሽማግሌው የሚቆመው ጓዶቹ ቦታቸው እስኪደርሱ ነው። እሱ ከሮጠ እነሱን ማን ያያቸዋል?»

እኔ ራሴ ለሽማግሌዬ እንዲህ አድርጌ ተከራክሬለት አላውቅም። አፈርኩ። ሣሩን ተቀባብለን «ዺፈማ» ተባባልን፤ በእነ ቶለራ ቋንቋ ይቅርታ ማለት ነው።

በማግስቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ጭጋግ ነበር። ኮረብታውን እስከ ወገቡ ወጣን። ከቀኝ በኩል ያልጠበቅነው መትረየስ ተከፈተብን። ሃምሳ አለቃ ገመቹ ወደቀ፤ ጓዶቻችን ደስታና ሙሉቀንም አጠገቡ ወደቁ። ሌሎች ሁለት ጓዶች ቆሰሉ። ማፈግፈግ ግድ ሆነ። ቶለራ አንድ ድንጋይ ተከልሎ መትረየሱን ተከለ። በግራው ሸለቆ ነበር፤ ሮጦ መውጣት ይችል ነበር።

«ጥይቱን እዚህ ተውልኝ። ቁስለኞቹን ይዛችሁ ውረዱ» አለኝ።

«አንተስ?»

«ቦታችሁ ስትደርሱ እመጣለሁ። ፊጊ፣ ይመር! ሩጥ!»

ሮጥኩ። የማይሮጠውን ሰው ሳወድስ የከረምኩት እኔ፣ ቁስለኛ በትከሻዬ ይዤ ሮጥኩ። የቶለራ መትረየስ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር። ታች ደርሰን ቦታ ስንይዝ ዝም አለ።

ኮረብታው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተያዘ። የጓዶቻችንን ሬሳ አነሳን። ገመቹ፣ ደስታ፣ ሙሉቀን፣ ቶለራ። አራት። ቶለራን ያገኘነው እዚያው ድንጋዩ ሥር ነው፤ አንድ ጥይት አልቀረውም። ቁስለኞቹ ሁለቱም ድነዋል፤ ዛሬ የልጆች አባት ናቸው። ፈሪ ያልኩት ሰው ነው ያተረፋቸው። ይቅር ብንባባልም ያቺ ቃሌ ዛሬም ትቆጨኛለች።

አሁን የምኖረው ነቀምት ነው። የሰፈሩ ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ያንኑ ክርክር ይከራከራሉ። ሳልፍ ይጠሩኛል።

«ኦቦ ይመር! ከሁሉም የሚበልጠው ኳርተርባክ ማን ነው?»

«ሯጩ ነዋ!» እላለሁ። ወንበር ስቤ እቀመጥና አንድ በአንድ አስረዳቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የረታኝ የለም። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ልቤ አሁንም ከሽማግሌው ጋር ነው። ለሽማግሌው ግን ቶለራ እዚያ ድንጋይ ሥር ተከራክሮ ጨርሷል። ለሯጩ የቀረሁት እኔ ነኝ።