የሎሚ ልጣጭ ለደም ብዛት

ሞጣ ገበያ ሎሚ የሚሸጥ ሞልቷል። ልጣጩን መሸጥ የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ። ሎሚውን ከየጁቤ በታች ካለው ቆላ አምጥቼ ለጁስ ቤቶች አስረክባለሁ፤ ጨምቀው ሲጨርሱ ልጣጩን በጆንያ መልሼ እወስደዋለሁ። እነሱ ቆሻሻ አነሳልን ብለው ያመሰግኑኛል። እኔም ምስጋናውን እቀበላለሁ።

ልጣጩ ይታጠባል፤ ከውስጥ ያለው ነጩ በቢላ ተፍቆ ይወጣል። የሚመረው እሱ ነው፤ ሽታው ያለው በላይኛው ስስ ቆዳ ላይ ነው። ከዚያ ጥላ ላይ ደርቆ ይወቀጣል። ፀሐይ ላይ ያሰጣው ሰው የሚሸጠው ድርቆሽ ነው። ከዱቄቱ ቁንጥር ያህል ሻይ ላይ ብትነሰንሱ፣ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ብትጨምሩ፣ ዓሣ ብታሹበት፣ ቤቱ ሌላ ቤት ይመስላል። ዶሮ ወጧ ከመውረዱ በፊት ጣል ያደረገች ሴት በሳምንቱ ጎረቤቷን ይዛ ትመጣለች። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ እውነት ነው። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

በኋላ ሰዉ ስልክ ላይ ያየውን ይዞ ይመጣ ጀመር።

«ይሄ ነገር ለደም ብዛት ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«ይላሉ» እላለሁ።

«ለስኳርስ?»

«እሱንም ይላሉ።»

አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ለወገብስ?» አሉኝ። «አባባ፣ ለወገብ እስካሁን ያለ ሰው የለም፤ እርስዎ ይጀምሩት» ብላቸው ስቀው ገዙ። ነጋዴ ሳይዋሽ የሚያታልልበት መንገድ ብዙ ነው፤ እንደዚህች «ይላሉ» የምትባል ቃል የቀለለኝ ግን የለም።

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ቢቸና ነው ያለችው። ደም ብዛት ካገኛት ዓመታት አልፈዋል፤ ኪኒኗን በየወሩ ከጤና ጣቢያ ትወስዳለች። በሄድኩ ቁጥር ለሻይሽ እያልኩ ከዱቄቱ አንድ ጥቅልል አደርስላታለሁ። ስለ ደም ብዛት ለእሷ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

በሁዳዴ አጋማሽ ልጠይቃት ስሄድ ኪኒኑ መስኮቱ ላይ እንደታሸገ አቧራ ለብሶ አገኘሁት።

«እትዬ፣ ተውሽው እንዴ?»

«በጠዋት ዋጪ ነው የሚሉኝ። በኪኒን ጾሜን ልግደፍ? ያንተን ከቅዳሴ መልስ በሻይ እጠጣለሁ። ተሽሎኛል ደግሞ።»

«ይሄ እኮ ቅመም ነው። ጉሮሮ ያለሰልስ ይሆናል እንጂ ኪኒን አይተካም።»

ትክ ብላ አየችኝ። «ለሞጣ ሰው ሲሆን መድኃኒት፣ ለእኔ ሲሆን ቅመም?»

«መድኃኒት ነው ማን አለሽ?»

«ጎረቤቴ ሞጣ ወርዳ ካንተው ገዝታለች። ጠይቄው ‹አዎን፣ ይላሉ› አለኝ ነው ያለችኝ። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለማይሆን ነገር ሰው የምታስገዛው?»

ይህን ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው ቀልድ አላጣም ነበር። እሷን ግን አየኋትና የኪኒኑን አቧራ በእጅጌዬ መጥረግ ያዝኩ።

«ሰስተህብኝ ነው» አለች እየሳቀች። «ተወው፤ እንደ ሰዉ ገዝቼ እጠጣለሁ።»

«እትዬ፣ ሰዉን እያታለልኩ ነው» ማለት ነበረብኝ። ያቺን ብናገር ኖሮ በማግስቱ ኪኒኑን ታነሳው ነበር፤ ታውቀኛለችና ታምነኝ ነበር። እኔ ግን በእሷ ዓይን ከምቀል ሥራውን ለቄስ ማስተላለፍ መረጥኩ። «የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ለታመመ ይፈቅዳሉ» አልኳትና ሚኒባሱ ሳይሞላ ልድረስ ብዬ ወጣሁ። እሷ አልጠየቀችም። ምን ብላ ትጠይቅ? ተሽሏታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደወለልኝ። ሆስፒታል ስደርስ አፏ ወደ አንድ ወገን ሄዷል፤ ቀኝ እጇ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጎኗ ተጋድሟል። ነርሷ ካርዱን ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

«እማማ፣ ኪኒኑን ለምን አቋረጡት? በምትኩ የሚወስዱት ነገር ነበር?»

እህቴ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ከዚያ በዚያ በጠመመው አፏ ቃላቱን አንድ በአንድ እየገፋች፣ «ምንም። ረሳሁት» አለች።

በሕይወቷ አንድ የጾም ቀን፣ አንድ የሙት ዓመት ረስታ አታውቅም።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«ዕድሜው ነው» አልኩ። «ትረሳለች።»

ነርሷ ካርዱ ላይ ጻፈችው። እስካሁን ለምርመራ በወሰድኳት ቁጥር ሐኪሙ ያንን አንብቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ቀስ እያለ ያናግራታል። እሷም እንደሚረሳ ሰው ራሷን እየነቀነቀች ትሰማዋለች።