ፍሬን በሌለበት በኩል

የታክሲው ሹፌር የሴትየዋን ስም አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ጋቢና ይሳፈራሉ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መንገዱ ላይ ያፈጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረዋል ይባላል። በማስተማሪያ መኪና ደግሞ በአስተማሪው በኩልም ፍሬን አለ። ለዚህ ነው መስቀለኛ መንገድ በተቃረበ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን የሚረግጠው።

ዛሬም መብራቱ ቢጫ ሲሆን ሹፌሩ ነዳጁን ረገጠ። እሳቸው ደግሞ ወለሉን።

«እናቴ፣ እዚያ ጋ እኮ ፍሬን የለም!» ብሎ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡትም አጀቡት።

«አንተ ጋ ያለውን ካልረገጥከው እኔ ምን ላድርግ!»

ቀይ በራ። መኪናው ነጩን መስመር አልፎ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ተገተረ። ሕፃን ያዘለች ሴት መሻገሪያዋን ስታጣ በመኪናው አፍንጫ ዞራ፣ ከጎን የሚከንፉት መኪኖች መሐል ገባች። አንዱ ለጥቂት ሳታት።

ሴትየዋ በሩን በርግደው ወረዱ።

«ያ መስመር ለጌጥ የተቀባ መሰለህ? ከሱ ወዲያ ያለው የሷ ነው! ከነልጇ ቀማሃት!»

በሩን ጠርቅመው ሄዱ።

ሹፌሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ወለሉ ላይ አረፈ። እሳቸው በሚረግጡበት ቦታ ምንጣፉ ተበልቶ ብረቱ ይታያል። ቀጥሎ ወደ ራሱ እግር አየ። የፍሬኑ መርገጫ ጎማ ገና እንደ አዲስ ነው።