የሞተውን እድር ፍለጋ

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ስለ ድርጅቶች ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ የቅዳሜ ሰንበት ሳይገባ ወጥ እያማሰለች፣ «አባዬ፣ መሥሪያ ቤትም ማኅበርም እንደ እንስሳ ዘር ነው። አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይተርፋል፣ የተረፈው ልማዱን ያወርሳል» አለችኝ። ዝግመተ ለውጥ የሚሉትን ነገር ለሕፃናት ከተጻፈ የዕብራይስጥ መጽሐፍ አንብቤ ጥቂት አውቃለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ከልጆቼ መጻሕፍት ነው። ስለዚህ የሰማሁትን ቶሎ አልንቅም፤ ቶሎም አላምንም።

«ሰው እንስሳ አይደለም» አልኳት።

«ሰው መቼ አልኩ? እድር ነው የምልህ።»

እድርን ያነሣችው አውቃ ነው። እኔ ከአገር ቤት ወጥተን የሰፈርንበት የሽኩና ቫቭ ሰፈር እድር ዳኛ ነኝ። ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን፤ ሰባቱን የሐዘን ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው ተራ ገብቶ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። አሁን አሁን ግን ወጣት ቤተሰቦች መቅረት አብዝተዋል። አንዱ የፋብሪካ ፈረቃ አለብኝ ይላል፣ ሌላው ሕፃን የምተውለት የለኝም ይላል። እኔም ለእሑድ ማታ ስብሰባ ጠርቼ ነበር። ከተራው ደጋግሞ የቀረ ቤት ከእድሩ ይሰረዝ የሚል ሕግ ላጸድቅ ነበር። ይህ ካልሆነ እድሩ በእኔ ዘመን ይፈርሳል ብዬ እፈራ ነበር።

«የጎረቤታችን ሰፈር የሽኩና ሄ እድር ፈረሰ፤ የእኛ ቆሟል» አልኳት። «ለምን? ጥብቅ ስለሆንን።»

«የፈረሱትን ጠይቀሃል?»

«ምን ብዬ?»

«የተረፈውን ብቻ አይተህ በምን ታውቃለህ? የሞተውም ጥብቅ ቢሆንስ?»

«ማ ፒትኦም! ምን ሲደረግ!» አልኩ። ስቆጣ ዕብራይስጥ ይቀድመኛል፤ እሷም ሳቀችብኝ።

ጥያቄዋ ግን ቅዳሜ ሰንበቱን ሙሉ አልለቀቀኝም። እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ ወደሚሉት፣ ወረድኩ። የሽኩና ሄ እድር ዳኛ የነበሩት ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት እዚያ ከእህታቸው ልጅ የልብስ ስፌት ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣሉ።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ማን ሞተ?» አሉኝ። የእድር ዳኛ በደህና ቀን የሰው ደጃፍ አይረግጥም ብለው ነው።

«ማንም አልሞተም። የእርስዎ እድር ለምን እንደፈረሰ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ልትመረምረኝ ነው?»

«ልማር ነው።»

«ለመማርስ ሸብተሃል!» አሉና በዱላቸው ወንበር ወደ እኔ ገፉልኝ። ተቀመጥኩ።

«ሕጉ ላልቶባችሁ ይሆን?»

«ላልቶ? የእኛ ሕግ የእናንተን ዓይነት መሰለህ? አንድ ቀን የቀረ ስሙ ይፋቃል። አሞኝ ነው፣ ሥራ ይዞኝ ነው ቢል አንሰማም።»

«ታዲያ ሰዉ የት ገባ?»

አዩኝና ከልባቸው ሳቁ። «አታውቅም እንዴ? እናንተ ጋ ነዋ! ያባረርነውን ሁሉ ሰበሰባችሁት። ያንተ እድር የወፈረው በእኔ ቁጣ ነው።»

ደነገጥኩ። ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርሰው አናጢ ከሽኩና ሄ የመጣ ነው። ሐዘንተኛ በማጽናናት የታወቀችው ባልቴትም እንደዚያው። ለምን እንደመጡ ጠይቄ አላውቅም፤ ትጋታቸውን ከእኛ ጥብቅነት ያገኙት መስሎኝ ነበር። ሰው ራሱን ሲያመሰግን ማስረጃ አይፈልግም።

«እንግዲህ መጥበቅ ያፈርሳል ልበል?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም። መጀመሪያ ስናጠብቅ ሁሉም እየሮጠ ይመጣ ነበር። በኋላ ነው…» ዱላቸውን አገላበጡት። «እኔ እንጃ ልጄ። የሞተ ሰው ምን እንደገደለው ያውቃል?»

ማታ በሰፈሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ተነሥቼ ሕጉን መተዌን ነገርኳቸው፤ ከሽማግሌው የሰማሁትንም ሳልሸሽግ አወራሁ።

«ሲያስፈራራን ከርሞ!» አለ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር።

«ልጁ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እሱም አብሮ ገብቷል!» አለ ሌላው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ሐሳቤን አቀረብኩ፦ ለጊዜው እያንዳንዱ ሕንፃ ተራውን በመሰለው መንገድ ይወጣ። አንዱ ቀን ይቀመጥ፣ አንዱ ከሥራ መልስ ይምጣ፣ አንዱ ድንኳን ተከላውንና ጽዳቱን ይያዝ። ሐዘንተኛውን የደገፈውን መንገድ እንይዛለን፣ ያልሆነውን እንተዋለን።

ያቺ ባልቴት ተነሣች። «ሐዘን መሞከሪያ ነው እንዴ?»

እውነቷን ነው። «አይደለም» አልኳት። «ግን የሚሰረዘው ቤትም ነገ ሐዘን ይቀመጣል። ያን ቀን ማን ይድረስለት?»

ተመልሳ ተቀመጠች። እሷም በስተርጅና የተሰረዘች ናት። ከኋላ የፋብሪካ ልብሱን ያላወለቀ ወጣት አባት እጁን አወጣ። ልሰርዛቸው ካሰብኳቸው አንዱ ነው። «ከፈረቃ መልስ ከተፈቀደ እኔ አለሁ» አለ። ብዙ ተጨቃጭቀን ተስማማን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለቅሶ ሆነ። ሲመሻሽ፣ ቀን የዋሉት ወደ ቤታቸው ሲነሡ፣ ወጣቱ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መጣ።

«አየህ አባዬ፣ ሠራ!» አለችኝ ልጄ በጆሮዬ።

«ከአንድ ለቅሶ ምን ይታወቃል?» አልኳት። እውነትም ገና አላወቅሁም።

ባልቴቷ ከሐዘንተኛው ጎን ፈቀቅ ብላ ለወጣቱ ቦታ ለቀቀችለት። «ና ልጄ፣ እዚህ ሁን። ጫማህን ግን ውጭ አራግፍ።»