ሹክሹክታ ሰምቼ የገዛኋት ላም

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰኔ ላይ ነው። ላም ስገዛ ተታለልኩ ብል ማንም አይገረምም፤ በየገበያው ያለ ነው። እኔ ግን የተታለልኩት ሻጩ እውነቱን ፊት ለፊት ነግሮኝ ነው። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን የምስቀው።

የሒሳብ መምህር ነኝ። የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ወላይታ ሶዶ ተመድቤ ከመጣሁ ያን ጊዜ አራተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ወይዘሮ ማርታ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ወላይትኛ የለመድኩት ከእሳቸውና ከልጆቻቸው ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ቀስ በቀስ ሐሜቱ ሳይቀር ይገባኝ ጀመር።

ታዲያ መስማቴን ከግቢው ውጪ ለማንም አልተናገርኩም። ገበያ ስወጣ በአማርኛ እጠይቃለሁ፤ ሻጮቹ እርስ በርሳቸው በወላይትኛ ይማከራሉ። «ከዚህ በታች እንዳትሰጪው» ሲባባሉ እሰማና ያችኑ ዋጋ እጠራለሁ። ሻጯ ግራ ይገባታል፤ እኔ ቲማቲሜን ይዤ በኩራት እሄዳለሁ። ወይዘሮ ማርታ ይህን ሲሰሙ አልወደዱልኝም።

«ቲቸር፣ አንተ መምህር ነህ ወይስ ሰላይ?» አሉኝ።

ሳቅኩና አለፍኩት።

ልጃችን ስትወለድ ላም ለመግዛት ወሰንን። ወይዘሮ ማርታ ጓሯቸው ያለውን ባዶ በረት ፈቀዱልን። ያጠራቀምነው ለአንድ ላም ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ብሳሳት የምደግምበት አልነበረኝም። ገሱባ ገበያ ከብት ይሻላል ስለተባልኩ አንድ ቅዳሜ በዚያ ኮረኮንች መንገድ እየተንገጫገጭኩ ሄድኩ።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ቀይ ላም ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ላሊሞ ይባላሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር። ላሟ ደህና ሥጋ አላት፣ ዓይኗ ንጹሕ ነው። በአማርኛ ጠየቅኳቸው።

ጋሽ ላሊሞ ሳይቸኩሉ መለሱልኝ። «ይሄ ላም ጥሩ ነው። አሁን ይታለባል፣ ግን ወተቱ እየቀነሰ ነው። እርጉዝ አይደለም። ወስደህ ኮርማ ታስጠቃዋለህ።»

ዋጋ ጠሩ። ተወደደብኝ። ላሟን ዞሬ እያየሁ ለመከራከር ስዘጋጅ ወይዘሮ አስቴር ወደ ባላቸው ጠጋ ብለው በወላይትኛ አጉረመረሙ።

«ሦስት ወር የያዘች ላም በዚህ ዋጋ ትሰጣለህ? አእምሮህን ስተሃል?»

«ዝም በይ» አሉ ጋሽ ላሊሞ፣ እሳቸውም በወላይትኛ። «እርጉዝ ናት ብዬ ብነግረው ለምን ትሸጣታለህ ብሎ ይጠረጥራል። ለልጁ ሠርግ ገንዘቡ ዛሬ ያስፈልገናል። ሳይነቃ ይውሰዳት።»

 ደስታዬን ፊቴ ላይ እንዳያዩት ጎንበስ ብዬ የላሟን ሰኮና የምመረምር መሰልኩ። ስለ ሰኮና የማውቀው ነገር የለም። ከዚያ ቀና አልኩና፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብዬ፣ የጠሩትን አንድም ብር ሳልቀንስ ከፈልኩ። ላሟን አይሱዙ ላይ አስጭኜ ሶዶ ስገባ በአንድ ላም ዋጋ ሁለት የገዛሁ ሰው ሆኜ ነበር።

ለባለቤቴ ነገርኳት። የሥራ ባልደረቦቼም አልቀሩም፤ መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብዬ የምትወልድበትን ወር አስልቼ ነገርኳቸው። ለጥጃው የሚሆን ማሰሪያ እንኳን አዘጋጀሁ።

ጥቂት ሳምንት እንደቆየች ላሟ ማጓራት ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ታጓራለች፣ አጥር ልታፈርስ ትደርሳለች።

ወይዘሮ ማርታ ወጥተው አዩዋት። «ቲቸር፣ ይሄ ላም ኮርማ ፈልጎ ነው።»

«አይደለም እትዬ፣ አምሯት ነው» አልኳቸው።

«ምን?»

«አማረኝ ማለቷ ነው።»

ወይዘሮ ማርታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ሴት ናቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ። እኔ የስኳር ድንች ቅጠል ገዝቼ አቀረብኩላት። በላች፣ ዝም አለች። ሦስት ሳምንት ቆይታ እንደገና አጓራች። እንደገና ቅጠል ገዛሁ። በላይ በላዩ ስትበላ ሆዷ ተነፋ፤ ባለቤቴን ጠርቼ «እይ እንግዲህ» አልኳት። ወተቷ ነጥፎ ለልጃችን ከሱቅ መግዛት ስንጀምርም «ሊደርስ ነው» እያልኩ አጽናናኋት።

የመውለጃዋ ወር መጣ፣ አለፈም። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም አመጣሁ። እጁን እስከ ክንዱ ከቶ መረመራትና ጓንቱን እያወለቀ «ባዶ ናት። አርግዛለች ያለህ ሰው ማነው?» አለኝ።

 ማንም አላለኝማ።

ቅዳሜ እየነደድኩ ገሱባ ወረድኩ። ጋሽ ላሊሞን እዚያው ከብት ተራ፣ ከባለቤታቸውና ከጓደኞቻቸው ጋር ቆመው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ የሸጡልኝ ላም እርጉዝ አይደለችም» አልኳቸው በአማርኛ።

«አዎ፣ አይደለም ብዬ ነግሬሃለሁ» አሉ።

«ነግረውኛል፣ ግን…»

«ግን ምን?»

 ወደ ኋላ ብመለስ ንዴቴ ሊገድለኝ ነው፤ ብናገር ለዓመታት የደበቅኩት ሊወጣ ነው። ንዴቱ አሸነፈና በወላይትኛ «ለሚስትዎ ሦስት ወር ሆኗታል ሲሏት ሰምቻለሁ!» አልኩ።

 አንዱ መሳቅ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ላሊሞ ብቻ አልሳቁም።

«ሦስት ወር ያለችው እሷ ናት» አሉ ረጋ ብለው፣ አሁን በወላይትኛ። «ላንተ የነገርኩህ እውነት ነው። ከሚስቴ ጋር ያወራነው ውሸት ነው። የባልና የሚስት ወሬ ስማ ብሎ ማን ላከህ?»

«መስማቴን እንዴት አወቁ?» አልኩ፣ ድምፄ እየቀነሰ።

ወይዘሮ አስቴር ከጎን መለሱልኝ። «የሶዶዋ ቲማቲም ሻጭ የእህቴ ልጅ ናት። የመጨረሻ ዋጋችንን በአስማት የሚያውቅ አንድ ቀጭን መምህር አለ ብላ ነግራኛለች። ያን ቀን ስትመጣ አየሁህና፣ እሱ ይሆን ብዬ ልፈትንህ ለባሌ በወላይትኛ ‹የሱሪው ዚፕ ተከፍቷል› አልኩት። ወዲያው እጅህን ወደ ዚፕህ ሰደድክ።»

ትዝ አለኝ።  በእጄ ስነካው ተዘግቶ ስላገኘሁት፣ ሴትዮዋ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ ረስቼው ነበር።

ያኔ እኔም ሳቄ መጣ፤ ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት። ጋሽ ላሊሞም ሳቁ። ሶዶ ዳር የሚኖር ወንድማቸው ኮርማ እንዳለው፣ ስማቸውን ብጠራ ያለ ክፍያ እንደሚያስጠቃልኝ ነገሩኝ። ይህንን በሁለቱም ቋንቋ እንዲደግሙልኝ ጠየቅኳቸው። ደገሙልኝ። እውነት ሆነ፤ ላሟ ባለፈው ጥቅምት ወልዳ ልጃችን ዛሬ የእሷን ወተት ትጠጣለች።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሶዶ ገብቷል። አሁን ገበያ ስወጣ ሻጮቹ ገና ከሩቅ «ሳሮ፣ ቲቸር!» ብለው በወላይትኛ ሰላም ይሉኛል። ዋጋ መመካከር ሲፈልጉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጋርደው ጆሮ ለጆሮ ይንሾካሾካሉ። እንደማንኛውም ሰው ተከራክሬ፣ አንዳንዴ ተወዶብኝ፣ አንዳንዴ ረክሶልኝ እገዛለሁ።

በጋሽ ላሊሞ አልቀየምኩም። የሚያሳፍረኝ የራሴ ነገር ነው፤ ሁለት የማያውቁኝ ሰዎች ከፊቴ ቆመው አንዱን ጮክ ብለው፣ አንዱን በሹክሹክታ ሲናገሩ፣ ጮክ ያለውን ውሸት ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወይዘሮ ማርታ እስካሁን ላሟ ባጓራች ቁጥር በመስኮት ብቅ ይሉና «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ምን አማረው?» ይሉኛል።