የአንቲቫይረሴና የመምህሩ ጠብ

ሰቆጣ ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ደንበኞቼም ያውቁታል። በተለይ ፍላሽ ይዞ የሚገባ ሰው ሳይ ፊቴ ይጠቁራል። በከተማችን አንድ ፍላሽ ከመሥሪያ ቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ሙዚቃ ቤት ሲዞር ይውልና የለቃቀመውን ቫይረስ ሁሉ እኔ ጋ መጥቶ ያራግፈዋል። አንዴ የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ጠፍቶብኝ ሦስት ቀን እህል አልወርድ ብሎኛል።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ነገር አደረግሁ። ጠንካራ አንቲቫይረስ ጫንሁና የጠረጠረውን ሁሉ ሳይጠይቀኝ እንዲያጠፋ አዘዝሁት። እሱም አልበቃ ብሎኝ፣ ፍሪዝ የምንለውን ፕሮግራም ጨመርሁበት። ፍሪዝ ያለበት ኮምፒውተር ጠፍቶ በበራ ቁጥር የዋለበትን ሁሉ ረስቶ እኔ ወዳዘጋጀሁት መልክ ይመለሳል። በዚህ ብልሃቴ እጅግ እኮራ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ፍላሻቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ገቡ። እናቴ ማሯን ሸጣ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ገበያ በመጣች ቁጥር እዚያ ታርፋለች፤ ፊቷን ግን ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ነው የምታዞረው። አማርኛ ብዙም አትችልም። «ማሽንሽ እኔን አያውቀኝም፤ ምን አፈጥበታለሁ?» ትለኛለች በእኛው ቋንቋ፣ በኽምጣና።

ፍላሹን ሰካሁት። ቀይ ማስጠንቀቂያ ብልጭ አለ፤ አንድ ፋይል ድራሹ ጠፋ።

«መምህር፣ ፍላሽዎ ታሟል» አልኋቸው በኩራት።

«ፍላሹስ ደኅና ነው፤ ያጠፋሽብኝ የኽምጣና መጻፊያዬን ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ነገሩን አስረዱኝ። በወጣትነታቸው እዚሁ አካባቢያችን ባለችው ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው እየተጓዙ ያስተምሩ ነበር፤ ያኔ ከሰው አፍ የሰሙትን ተረት በደብተር ጽፈው አኑረዋል። በተራው የአማርኛ መጻፊያ የማይገኙ አንዳንድ የኽምጣና ፊደላትን የሚያወጣላቸውን ፕሮግራም የሠራላቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ዝቋላ መኪና ይሄዳል። ለአንድ ትምህርት ቤት ሕፃናት ተረቶቹን አትሜ እልካለሁ ብለው ቃል ገብተዋል፤ የቀሯቸው ሁለት ተረቶች ናቸው። መኪናው ካመለጣቸው ሌላ መቼ እንደሚገኝ እንጃ። አፈርሁ፤ ደንግጬም ነበር።

ለተማሪያቸው ደወልሁለት። ሳቀ። ፕሮግራሙ የሚነካውን ቁልፍ ሁሉ እያዳመጠ ወደ ኽምጣና ፊደል ይለውጣል፤ አንቲቫይረሴ ደግሞ ቁልፍ የሚያዳምጥ ሁሉ የይለፍ ቃል ሊሰርቅ የመጣ ይመስለዋል። ፕሮግራሙን በቴሌግራም እንደገና ላከልኝ፤ የእሱ ሥራ መሆኑንም እንዴት እንደማረጋግጥ በስልክ እየነገረኝ አረጋገጥሁ። ከዚያ አንቲቫይረሱን «ይህን እለፈው» አልሁት። አለፈው። መምህሩ በሁለት ጣት ቀጭ ቀጭ ማድረግ ጀመሩ።

ገጹን በፍላሻቸው ላይ እንዳስቀመጡ መብራት ሄደ። ተመልሶ መጣና ኮምፒውተሩን ሳበራው ፕሮግራሙ የለም። እየተነጫነጭሁ እንደገና ጫንሁ፣ እንደገና ፈቀድሁ። ሌላ ገጽ ሳይሞላ መብራቱ ደግሞ ሄዶ መጣ፤ ፕሮግራሙ አሁንም የለም! ደሜ ፈላ። ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። አንቲቫይረሱን ረገምሁ፤ አልበቃ ብሎኝ ወደ ሽማግሌው ዞርሁ።

«መምህር፣ ይሄ ተማሪዎ የሠራው ነገር እውነትም ሌባ ሳይሆን አይቀርም!»

አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «ልጄ፣ አንቺ ዘበኛሽን እለፈው ትይዋለሽ፤ እሱም እሺ ይላል። መብራት ሲሄድ ግን ይረሳዋል። የሚያስረሳው ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የለም?» አሉኝ።

ፍሪዝ! በገዛ እጄ ያስቀመጥሁት፣ የምኮራበት ፍሪዝ! እኔ የፈቀድሁትን በየመብራቱ የሚያስረሳው እሱ ነበር። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ፍሪዙን አነሳሁ፣ ፕሮግራሙን ጫንሁ፣ ፈቃዱን ሰጠሁ፣ ከዚያ ፍሪዙን መለስሁት። ኮምፒውተሩን ሆን ብዬ አጥፍቼ አበራሁት። ፕሮግራሙ ቁጭ ብሏል! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ተረት ታተመ። መምህሩ ወረቀቱን ገና ትኩስ ሳለ አንስተው በኽምጣና ጮክ ብለው አነበቡት። ጅብ የፍየል ግልገል በአፉ ይዞ ተከዜ ዳር ይቆማል፤ እናትየው ታለቅሳለች፤ ጅቡ ግልገሏን ይበላታል።

«አልበላትም!»

እናቴ ነበረች። ከጥጓ ተነሥታለች። «ፍየሏ መቼ አለቀሰች? ጅቡን አሳቀችው እንጂ! ሲስቅ አፉ ተከፈተ፣ ግልገሏም አመለጠች። እናቴ የነገረችኝ እንዲህ ነው።»

መምህሩ ወንበራቸውን ለቀው ተነሡ። «እስኪ ይቀመጡና ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፋለሁ» አሏት። እናቴ ታፍር ይሆናል ብዬ ነበር፤ የት! ፍየሏን ሆነች፣ ጅቡን ሆነች፤ የጅቡን ሳቅ ስትስቅ ማር ሊሸጡ የመጡ ሁሉ በራፌ ላይ ተሰበሰቡ። መምህሩ ከአፏ እየለቀሙ ጻፉ። እናቴ የነገረችው አጨራረስ የግልገሏን ሞት ተካው።

ሲያበቁ፣ ከመታተሙ በፊት ላነብላት ስል እጇን አነሣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች፤ ጎንበስ ብላ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ እኔ ያልሁት ነው?»

«አዎ፣ እማ። አንቺ ያልሽው ነው።»

ረጅም ጊዜ አየችው።

«ያ ዘበኛሽ እንዳያጠፋው ንገሪው» አለችኝ።

ነገርሁት።